ጋሼ የተዉልኝ የፒፓ ትንባሆ ነጭ አወጣ፤ ሻግቷል ወይስ ረግቷል?

የቤዝመንቱ ሰው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል። ቤት ውስጥ ግን ያኳረፈን ጉዳይ ነው፤ ስቃችሁ ስትጨርሱ መልሱልኝ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቤቱን ያከራዩን ጋሼ ዕድሜያቸውን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው አምና ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። ፒፓ ከእጃቸው አይለይም ነበር። እኔንም ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። እሑድ ማታ በረንዳ ላይ አንድ ፒፓ፤ ከዚያ አያልፍም።

ሲሄዱ ቤዝመንት መደርደሪያ ላይ አራት ጃር ትንባሆ ተዉልኝ። ያ ማርማላታ የሚታሸግበት፣ ክዳኑና ቀለበቱ ለየብቻ የሆነው ጃር ነው። «እንዳትጥለው፤ እንደ ወይን ነው፣ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» አሉኝ። እኔም አደራ ነው ብዬ ንክች ሳላደርጋቸው ቆየሁ።

ዛሬ ሁለቱን አወረድኩ። ሁለቱም ነጭ አውጥተዋል።

አንደኛው ላይ፣ ነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ «ፍሌክ፣ ኅዳር 2004» ይላል። ፍሌክ ለማያውቅ፦ ቅጠሉ በክብደት ተጨቁኖ፣ ተጋግሮ ከዚያ በስሱ የተቆረጠ ነው። ስታየው የቋንጣ ቁራጭ ነው የሚመስለው። እላዩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ፣ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። በስልኬ መብራት ሳየው ብልጭ ብልጭ ይላል።

ሁለተኛው ላይ «ቼሪ» ይላል፤ ቀን የለውም። ይሄኛው የላላ፣ እንደ ሻይ ቅጠል የተከተፈ ነው። ነጩ ግን ቅጠሉ ላይ ብቻ አይደለም። ጃሩ ጥግ ላይ ተለጥፏል፣ ክዳኑ ሥርም ትንሽ አለ። አይብለጨለጭም። ነጭ-ግራጫ ነው።

ባለቤቴ አንዴ አየችና ፈረደች፤ «ሁለቱም ሻግተዋል። ትንባሆውን ጣል፣ ጃሮቹን እጠብልኝ።» እኔ ይለያያሉ ባይ ነኝ። «እንጀራ ቢሆን ትበላው ነበር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እናንተስ?

የማር ነጋዴ፦

ፒፓ አላውቅም፤ የመጀመሪያው ጃርህ ግን የእኔን ደንበኞች አስታወሰኝ። ማር ሲረጋባቸው «ስኳር ቀላቅለህ ሸጥክልን» ብለው ይመጣሉ። እርግጥ ነው ስኳር ነው፤ የራሱ የማሩ ስኳር ነው! ማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ ከፍሩክቶሱ ቀድሞ ይረጋል። የትግራይ ነጭ ማር ደግሞ ሲረጋ ቅቤ ነው የሚመስለው። ትንባሆ ውስጥ ስኳር አለ ወይ? ካለ መልሱ እሱ ይመስለኛል። የክዳኑ ነገር ግን አላማረኝም።

አራዳው፦

ወንድሜ፣ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ብትሆን ኖሮ ሻገተ አልሻገተ የሚል ክርክር አይኖርህም ነበር። ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን ነበር የሚያጣው ይባላል። እስቲ ለባለቤትህ ይህን አትንገራት።

ጢሰኛው፦

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። 19 ዓመት ፒፓ አጭሻለሁ፤ ጓዳዬ ውስጥ ወደ 40 ጃር አለኝ። ሻጋታም አጋጥሞኛል፣ ያንንም እነግርሃለሁ።

በመጀመሪያ ማር ነጋዴው ያለው ልክ ነው። ፍሌክህ ቨርጂኒያ ከሚባለው የትንባሆ ዓይነት ከሆነ ስኳር አለው። የቨርጂኒያ ቅጠል የሚደርቀው በእሳት ሙቀት፣ በተዘጋ ጎተራ ውስጥ ነው። ቅጠሉ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ቢጫ ሲሆን ውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይቀየራል። ከዚያ ሙቀቱ ከፍ ሲልበት ቅጠሉ ይደርቅና ስኳሩ እዚያው ይቀራል። በርሊ የሚባለው ሌላው ቅጠል ደግሞ ጥላ ሥር በነፋስ ለሳምንታት ስለሚንጠለጠል ስኳሩን ራሱ በልቶ ይጨርሰዋል። በዚህ የተነሣ ያረጀ ቨርጂኒያ ሲያብለጨልጭ አያስገርምም፤ ያረጀ በርሊ ነጭ ሲያወጣ ግን እኔ ቶሎ እጠረጥራለሁ።

(በነገራችን ላይ፣ ይህ በሙቀት የማድረቅ ነገር አንተ ካለህበት ብዙም ሳይርቅ ነው የተጀመረው። በ1839 ኖርዝ ካሮላይና፣ ካስዌል ካውንቲ ውስጥ ስቲቨን የሚባል በባርነት የተያዘ አንጥረኛ ሌሊት እሳቱን ሲጠብቅ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ እሳቱ ሊጠፋ ደርሷል። ደንግጦ የጋለ ከሰል ጨመረበት፤ ቅጠሉ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ወጣ ተብሎ ይተረካል። ትርፉን ማን እንደበላው መገመት ነው።)

ወደ ጉዳይህ። ጌጥ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩት ማጉያ አለ፣ 10 ጊዜ የሚያጎላው ይበቃሃል፣ ርካሽ ነው። ፍሌኩን ነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ መብራቱን ከጎን አብራበት። ከላይ አይደለም፣ ከጎን። የረጋ ነገር ከሆነ ጠርዝ ያለው፣ ብርሃን የሚመልስ ቅንጣት ታያለህ፤ እንደ ስኳር ወይም እንደ ተሰበረ መስታወት። ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል እንጂ ወደ ላይ አይቆምም። ሻጋታ ግን ጸጉር አለው። ክር ክር ይላል፣ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው የሸረሪት ድር ይዘረጋል። ጫፉ ላይ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ካየህ ሥራውን ጨርሶ ዘሩን እየበተነ ነው ማለት ነው።

አንድ ሦስተኛ ነገርም አለ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። የቅጠሉ ወፍራም የደም ሥር ከፍሌኩ ጋር አብሮ ሲቆረጥ ነጣ ያለ ክብ ወይም ሰረዝ ይተዋል። እሱ ሻጋታም ስኳርም አይደለም፤ እንጨት ነው።

ቀጥሎ ጃሩን ራሱን እይ። ስኳር መስታወት ላይ ወጥቶ አይሄድም። ሻጋታ ይሄዳል። የቼሪው ጃርህ ነጩ ጥጉና ክዳኑ ሥር ነው ብለሃል፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ሳላይ ልፍረድ ካልክ እሱ ሞቷል። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነት ቼሪና ቫኒላ የተረጨበት ትንባሆ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ አለበት። እሱ ደግሞ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታንም ያስቸግረዋል። እንዲያውም ከሁሉም በኋላ መሻገት የነበረበት እሱ ነው። ማነው ውሃ የጨመረበት?

ሌላ ጥያቄ፦ 2004 በእኛ ነው በነሱ?

የቤዝመንቱ ሰው፦

እግዜር ይስጥልኝ ጢሰኛው። ማጉያ የለኝም። የስልኬን ካሜራ አስጠግቼ ፍሌኩን አነሣሁት፤ ጸጉር የለውም። ቅንጣት ነው። በጣቴ ስዳብሰው እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል።

አንድ ነገር ደግሞ ራሴ ሞከርኩ። አንድ ጠብታ ውሃ ነጩ ላይ ጣል አደረግሁ። ትንሹ ጠፋ፣ ትልልቁ ግን አልሟሟም። አሁን ባለቤቴ «አየህ!» እያለችኝ ነው። ስኳር ከሆነ ለምን አልሟሟም?

ውሃ የጨመረበት ሰው ጋሼ ካልሆኑ ማንም የለም። ቀኑንም እሳቸውን እጠይቃለሁ፤ አሁን እዚያ ሌሊት ነው።

የላብራቶሪዋ፦

የምሠራው የምግብ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሻጋታ ስቆጥር ነው የምውለው። ትንባሆ አልነካም፣ ትንባሆ ሻጋታ ባይኖርበትም ጤና አይደለም። ይህን እንደምታውቅ ስለማውቅ አልፌዋለሁ።

ውሃው ላይ ባለቤትህ ቸኩላለች። ቅጠል ውስጥ ያለው ስኳር ብቻ አይደለም። ትንባሆ ማሊክና ሲትሪክ አሲድ አለው፣ ፖታሲየምና ካልሲየምም ሞልቶታል። እነዚህም ቅጠሉ ሲቆይና እርጥበቱ ሲቀንስ ጨው ሆነው ላዩ ላይ ሊረጉ ይችላሉ። የካልሲየም ጨው ደግሞ በአንድ ጠብታ ውሃ አይሟሟም። ስለዚህ ከሟሟ በእርግጥ ሻጋታ አይደለም፤ ካልሟሟ ግን ገና አልተፈረደም። ሻጋታ ውሃ ሲነካው የሚያደርገውን እይ፦ ይተኛል፣ እንደ ረጠበ ጥጥ ይጠቀለላል። ቅንጣቱ ቅርጹን ጠብቆ ከተቀመጠ የረጋ ነገር ነው።

ግልጽ የሆነ ስኮች ቴፕ ካለህ ነጩ ላይ በቀስታ ተጭነህ አንሣውና ጥቁር ነገር ላይ ለጥፈው። እኛም ላብራቶሪ ውስጥ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ሥር ማስገባታችን ብቻ ነው ልዩነቱ። የረጋ ነገር ቴፑ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሻጋታ ዱቄት ወይም ክር ሆኖ ይለጠፋል።

ሦስት ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ አትቆጣኝ። አንደኛ፣ አፍንጫህን የቼሪው ጃር ውስጥ አትክተት። ከላይ በእጅህ ወደ አንተ አራግብ፤ እርጥብ ጆንያ፣ የዝናብ ጊዜ ምድር ቤት ከሸተተህ በቃ። አስም ያለበት ሰው ካለ ጃሩን ቤት ውስጥ አትክፈተው። ሁለተኛ፣ ያ ሐምራዊ የአልትራቫዮሌት ባትሪ የሚሉህን አትስማ። ሻጋታ አንዳንዱ ያበራል፣ አንዳንዱ አያበራም። ሻጋታ ያልሆነ ብዙ ነገርም ያበራል።

ሦስተኛውን ላስብበት፤ የሆነ ሰው መጠየቁ አይቀርም።

አራዳው፦

እኔ ልጠይቅ። የቼሪውን ነጭ በማንኪያ አንስቶ የተረፈውን ማጨስ አይቻልም? እሳት አይደል እንዴ፣ ይገድለዋል።

የላብራቶሪዋ፦

ሦስተኛው ይኸው መጣ። አይሆንም። የምታየው ነጭ የሻጋታው አበባ ነው፤ ሥሩ ገና ነጭ ባልሆነው ቅጠል ውስጥ ገብቷል። እንጀራ ላይ አንዷን ነጥብ ቆርጠው የሚበሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ እነሱንም አልመክርም። እሳቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ፒፓ ላይ የሚነደው ላይኛው ነው። የታችኛው ገና ሳይነድ ጢሱ በእሱ ውስጥ አልፎ ነው ሳንባህ የሚደርሰው። አንዳንድ ሻጋታ የሚሠራው መርዝም አለ፤ ዘሩ ቢሞት መርዙ አብሮ አይሞትም።

ጢሰኛው፦

እሷ ያለችውን እኔ በገንዘቤ ተምሬዋለሁ። ከአሥር ዓመት በፊት የደረቀ ትንባሆ ለማለስለስ የብርቱካን ልጣጭ ከተትኩበት። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት «የድሮ ዘዴ» ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጃሩ ውስጥ ጢም አብቅሎ ጠበቀኝ። አራት አውንስ ትንባሆ ጣልኩ። ጎኑ የነበረውን ጃርም በዚያው ማንኪያ ነክቼው ስለነበር እሱም ተከተለ። ከዚያ ወዲህ የደረቀን የማለሰልሰው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ዘርግቼ፣ እርጥብ ጨርቅ ሳይነካው ከላይ ሸፍኜ ነው። ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። ውሃውም የተጣራ መሆን አለበት።

እርጥበቱ ጃሩ ውስጥ ባለው አየር ሲለካ ከ60 እስከ 65 በመቶ ሲሆን ደስ ብሎት ይቀመጣል። ከ70 ሲያልፍ ለሻጋታ ድግስ ነው። መለኪያ ከሌለህ በጣትህ ቆንጥጠህ ጨብጠው፦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ከተፈታ ጥሩ ነው፤ ተጨብጦ ከቀረ እርጥብ ነው፤ ከተንኮታኮተ ደርቋል። የቨርጂኒያ በጋ ምን እንደሚመስል አንተው ታውቃለህ፤ በሐምሌ ቤዝመንት ውስጥ ጃር አትክፈት።

ሽታውንም ልንገርህ፣ እንዳትደናገጥ። ያረጀ ቨርጂኒያ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሊልህ ይችላል። ካንሳስ ሲቲ የነበረው መክሌላንድ የሚባል የትንባሆ አምራች፣ በ2018 የተዘጋው፣ ትንባሆው ኬቻፕ ይሸታል እየተባለ ነው የሚታወቀው። ኮምጣጤ ችግር የለውም፤ ጆንያ ነው ችግሩ።

የወልቂጤ ልጅ፦

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አያቴ ጋያ ታጨስ ነበር፤ ያ የቅል ጋያ፣ ውሃው ሲንቦራጨቅ ከውጭ ድረስ የሚሰማው። ትንባሆዋን በጨርቅ ጠቅልላ ከምድጃው በላይ ጣሪያው ላይ ታንጠለጥለው ነበር። ጢሱ እየነካው ደርቆ ነው የሚከርመው። ሻገተ ስትል አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። አንዴ ብቻ ክረምት ላይ ጎረቤት አውሳት ሰጠቻት፤ አያቴ ፈታ አየችው፣ አሸተተችው፣ ምንም ሳትናገር እሳት ውስጥ ጨመረችው። ምን እንዳየች ያኔ አልገባኝም። ይህን ሳነብ ገባኝ።

የቤዝመንቱ ሰው፦

ጋሼን ደወልኩላቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ፤ ግማሹ ስለ አዲስ አበባ መንገድ ነው። የቀረውን ላቅርብላችሁ።

2004 በእኛ ነው። «በእነሱ አቆጣጠር ሠላሳ ዓመት ግብር ከፈልኩ፣ ለትንባሆዬስ የራሴን ባደርግ?» አሉኝ። እንግዲህ ኅዳር 2004 ማለት እዚህ በ2011 መጨረሻ ገደማ ነው። ፍሌኩ ከእንግሊዝ የመጣ ቨርጂኒያ ነው፣ ኬንዳል ከሚባል ከተማ፤ የሳሙኤል ጋዊዝ ፉል ቨርጂኒያ ፍሌክ። በቆርቆሮ ገዝተው ወዲያው ወደ ጃር አዛወሩት። «ጃሩን አፍልቼ፣ አድርቄ ነው የሞላሁት» አሉ፤ በኩራት።

ቼሪው ጋ ስንደርስ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እሱ ደርቆብኝ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ምን አደረጉት?»

«ፖም።»

አንድ ስስ ቁራጭ ፖም ጣል አድርገውበት፣ በማግሥቱ ላወጣው ብለው፣ በዚያው ሰሞን የመሄጃቸው ነገር ተቀጣጠለና ረሱት። ዓመት ሊሞላው ነው። ወጥቼ ጃሩን ግቢ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ገለበጥኩት፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ። እውነትም ከታች አንድ ጥቁር የተጠቀለለ ነገር አለ። ከእሱ ዙሪያ ያለው ትንባሆ ሁሉ በድር ተያይዟል። ማጉያ አያስፈልግም፣ ዓይነ ስውርም ያየዋል።

ቴፑንም ሞከርኩት። የፍሌኩ ቴፕ የስልኬ ጥቁር ሽፋን ላይ ሲለጠፍ ነጥብ ነጥብ ነው። የቼሪው ደግሞ ዱቄት ነው፣ መሀሉ ላይ እንደ ጸጉር። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ለባለቤቴ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየች። «እሺ፣ ይሄኛው ስኳር ነው» አለች። ቀጥላ ግን፣ «ከሌላው ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ነበር አይደል?» አለች። እውነት እሱስ ያሰጋል?

የላብራቶሪዋ፦

ባለቤትህ ላብራቶሪ መግባት ነበረባት። ሁለቱም እስከተዘጉ ድረስ መደርደሪያው አያሰጋም። የሚያሰጋው እጅህና ማንኪያህ ነው። የቼሪውን ከነካህ በኋላ ፍሌኩን ነክተሃል?

የቤዝመንቱ ሰው፦

መጀመሪያ ፍሌኩን ነው የከፈትኩት፣ እግዜር ሲረዳኝ። ቼሪውን በከረጢት ቋጥሬ የውጭው ቆሻሻ ውስጥ ጨምሬዋለሁ።

ጢሰኛው፦

ጥሩ አድርገሃል። ባዶውን ጃር በሳሙና እጠብና አፍላው። ክዳኑን ግን ጣለው፤ በላስቲኩ ሥር የተደበቀውን አታወጣውም። ቀለበቱ ካልዛገ ይታጠባል።

ለፍሌኩ ደግሞ አንድ ምክር፣ አትቸኩል። ሁለት ቁራጭ ብቻ አውጣ፣ ሌላውን መልሰህ ዝጋ። የወጣውን ሃያ ደቂቃ አየር ላይ ተወው፣ ከዚያ በመዳፍህ አሽተህ ፒፓው ውስጥ ላላ አድርገህ ሙላ። ነጩ ሲታሽ ይጠፋል፤ አታራግፈው፣ የሚያሳስብ ነገር የለውም። እንዲህ የቆየ ነገር በችኮላ ከሳብከው ምላስህን ያቃጥልሃል፤ ስኳር አለው ብያለሁ።

የቤዝመንቱ ሰው፦

ትናንት እሑድ ነበር። በረንዳ ላይ ነበርኩ። ጋሼን በቪዲዮ ደውዬ ፒፓውን ስለኩስ አሳየኋቸው። «በአፍንጫህ ትንሽ አውጣው፣ በአፍንጫህ!» እያሉ ከአዲስ አበባ ሲያስተምሩኝ አመሹ። ጣዕሙ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ የደረቀ ቴምርና ሣር ነገር ነው። ምላሴን አላቃጠለኝም። በመሀል እሳቱ ሁለቴ ጠፋብኝ፣ ይህ የእኔ ስንፍና ነው።

የቼሪው ጃር ታጥቦ ፈልቶ ባለቤቴ እጅ ገብቷል። ሚጥሚጣ ልትሞላበት ነው። የቀረን ክዳን ብቻ ነው። ክዳን ለብቻው የሚሸጥበት ቦታ የምታውቁ አላችሁ?

ጢሰኛው፦

የትም ትልቅ ግሮሰሪ፣ ጃሮቹ ያሉበት መደርደሪያ ላይ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆኖ በካርቶን ይሸጣል። የአፉን ስፋት ለክተህ ሂድ፤ ሁለት ዓይነት ነው፣ ጠባብና ሰፊ። እኔ ሳልለካ ሄጄ ሁለቴ ተመላልሻለሁ።